የዘጠነኛው ምዕራፍ ሽልማት

የካርቱን ኮሜዲያችን ስምንተኛ ምዕራፍ ካለቀ ሳምንት ሳይሞላው አንድ ሃያሲ በሬዲዮ ቀርቦ፣ «ይህ ሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ማብቃት ነበረበት» አለ። አዲስ አበባ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። «እናትየዋ ድሮ ታስቀን ነበር፤ አሁን ትመክረናለች» ሲል አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው ጎናቸው እንዳለ አያውቁም። ከመድረሻዬ በፊት ወረድኩ።

ኮሜዲው በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ አልጋ ቤት ስለሚያስተዳድር ቤተሰብ ነው። ለከተማዋ ስም አላወጣንላትም እንጂ ያደግሁባትን ከሚሴን የሚያውቅ ሰው አይስታትም። ሃያሲው የወቀሳት እናት፣ የአልጋ ቤቷ ባለቤት፣ የተቀዳችው ደግሞ ከገዛ እናቴ ነው። እናቴ አራተኛው ምዕራፍ ካለቀ በኋላ ወደ አኼራ ሄደች፤ አላህ ይርሀማት።

ንዴቴን ይዤ ከሚሴ ገባሁ። ታላቅ እህቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። የምጽፈውን ሁሉ በስልኳ እንደምታይ ስለማምን፣ ሰላምታው እንዳለቀ ሃያሲው ያለውን ነገርኳት። እንድትሰድብልኝ ነበር የጠበቅሁት።

«ዱጋ ነው» አለች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «እውነቱን ነው ሰውየው። እኔም ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ።»

«እትየ! በደወልኩ ቁጥር ‹ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው› ትይኝ አልነበር?»

«ደስ ብሎህ ስትደውል ታዲያ ምን ልበልህ?»

እሷ የያዘችውን ቀሚስ አስቀምጣ፣ «ና ተቀመጥ፣ አብረን እንየው» አለችኝ። ስልኩን የክር ጥቅል ላይ አስደግፋ ከስምንተኛው ምዕራፍ ሦስት ክፍል አየን። እናትየዋ ጎረቤት ታስታርቃለች፤ ለተራበ ታበላለች፤ ልጆቿን ትመክራለች። እህቴ አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላለችም። ሦስተኛው ሲያልቅ ስልኩን ደፋችው።

«ከሞተች ጀምሮ ነውር የሌለባት ወልይ አደረግሃት» አለችኝ። «እኛን የወለደችን ሴት ወልይ ነበረች? የባቲውን የፍየል ነገር ረሳኸው?»

ረስቼው ነበር። እሷ አብራ ስለነበረች ከነቃሉ ነገረችኝ። አንድ ሰኞ እናታችን ፍየል ልትገዛ ባቲ ገበያ ሄደች። የደጋ ሰው የሆነው ነጋዴ በአማርኛ ሲያናግራት፣ ምን አስባ እንደሆነ እንጃ፣ አማርኛ እንደማታውቅ ሆና በኦሮምኛ ብቻ ትመልስለት ጀመር። ሰውየው ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ይቺ ሴትዮ ምንም አታውቅ፤ ያችን የምታነክሰዋን ስጣትና ትሂድ» አለ። እናታችን የፍየሏን እግር አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ እንደ ዜና አንባቢ በጠራ አማርኛ፣ «ይቺን ለሚስትህ እናት ውሰድላት ልጄ፤ ለእኔ ቀይዋን አምጣልኝ» አለችው። ነጋዴው ከእፍረቱ የተነሳ ቀይዋን እሷ ባለችው ዋጋ ሰጣት። እናታችን ዘዴውን ወደደችው። ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ሰው መዋጮ ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር አማርኛው ድንገት ይጠፋባት ነበር።

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እናቴን አስታውሼ ስስቅ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ክፉ ስም እንዳላወጣባት ስጠነቀቅ፣ እሷነቷን እያጠፋሁባት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ለዘጠነኛው ምዕራፍ የባቲዋን ፍየል ጻፍኩ። የእናትየዋን ድምፅ የምትጫወተው ተዋናይት አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ ኦሮምኛ አትችልም። እህቴ እያንዳንዱን ቃል በስልኳ እየቀዳች ላከችላት። ተዋናይቷ ሞክራ መልሳ ትልካለች፤ እህቴ ታርማለች። አንድ ቀን፣ «እንደሱ ካልሽማ ፍየሏን ሳይሆን ነጋዴውን ነው የምትገዢው!» ስትላት ሰማኋት። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሲባባሉ ከረሙ።

ክፍሉ የተላለፈ ቀን ከሚሴ ነበርኩ። ጎረቤቶች እህቴ ሱቅ ተሰብስበው አዩት። እናታችንን በደንብ የሚያውቋት አንዲት አሮጊት እየሳቁ፣ «ለእናንተ የጠፋባት አማርኛው ነው? እኔ ጓሮዋ የገባችውን ዶሮዬን ስጠይቃት የጠፋባት ኦሮምኛው ነበር!» አሉ። ይህን እህቴም አታውቅም ነበር።

ያው ሃያሲ እንደገና ተናገረ። የምዕራፉ ግማሽ አሁንም ይሰብካል አለ፤ አልዋሸም። «የባቲውን ክፍል ግን ሁለት ጊዜ አየሁት። እናትየዋ ተመልሳ መጥታለች» አለ። ይህችን ቃል ስሰማ ብቻዬን ስለነበርኩ እንዳሻኝ አለቀስኩ።

በዓመቱ ሽልማት በሦስት ዘርፍ ታጨን። በምርጥ ድርሰት የሌላ ሰው ስም ተጠራ፤ እንደ ጨዋ አጨበጨብኩ እንጂ ቅር ብሎኛል። ምርጥ አኒሜሽንም አለፈን። ምርጥ የድምፅ ተዋናይት ሲባል ግን የእኛዋ ተነሳች። ዋንጫውን ይዛ፣ «አፌን የፈታችልኝ ከሚሴ ያለች ልብስ ሰፊ ናት፤ በዓይኔ እንኳ አይቻት አላውቅም» ብላ እህቴን በስሟ አመሰገነቻት። ቅሬታዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ስወጣ ሃያሲውን በሩ ላይ አገኘሁት። እጁን ይዤ፣ «ያን ቀን ባትናገር ኖሮ አልነቃም ነበር። አመሰግናለሁ» አልኩት። የማሾፍበት መስሎት ደነገጠ። «እኔ እኮ ሥራዬ ሆኖ ነው…» እያለ ያስረዳኝ ጀመር። የምሬን መሆኑን እስኪያምን እጁን አልለቀቅኩትም።

ወዲያው እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ስሜን አጣመመችው» አለች። ከኋላዋ ጎረቤቶቹ እልል ይላሉ። «አልሀምዱሊላህ። እናታችን ብትኖር ዋንጫውን ‹የኔ ነው› ብላ ትቀማት ነበር።»

አሁን የምጽፈውን ሁሉ ከማንም በፊት የምታነበው እህቴ ናት። ባለፈው ጁምዓ የላክሁላትን አልወደደችውም፤ ለምን እንደሆነም ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። አመስግኛት ልሰርዝ ተቀመጥኩ።