ለቅሶ ላይ የቀዳነው

ዓለም ገና ከተማ ስፒከር እየጠገንኩ በምኖርበት ጊዜ፣ ከወላይታ መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። ድሮ አገሩ ቸርች ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ፉሪ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን የጋራ አልበም መቅዳት ጀመርን። ኖታ የለ፣ ልምምድ የለ፣ ዜማ እንኳ የለም። እሱ ከኪቦርዱ አንድ ድምፅ ይወረውራል፤ እኔ ከተበላሹ ዕቃዎች በገጣጠምኳት ሳጥን አጣምሜ፣ አስጩኼ እመልስለታለሁ። የወጣው ይቀዳል። የሚወጣው ደግሞ ንዴት ነበር፤ የእሱ በፈረቃ አለቃው ላይ፣ የእኔ በራሴ ላይ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ከፍተን ስንቀዳ በሩ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። አራት ሰዎች ዱላ ይዘው ገቡ። የፊተኛው አንድ ቃል ሳይናገር የጓደኛዬን እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ መታው። አጥንቱ ሲሰበር አልሰማሁም፤ አፉ ሲከፈት ግን አየሁ። ሌላ ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የማይኩን ማቆሚያ ብረት አንስቼ ያንን የፊተኛውን ሰው ግንባሩን አልኩት። ወደቀ።

አንዱ ሶኬቱን ነቀለው። ፀጥ ሲል ከአጥሩ ማዶ የሴቶች ዋይታ ገባ። ለካ ስንቀዳ ሁሉ እዚያው ነበር።

"ወንድሜ ሞቶ!" አለ የመታሁት ሰው፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። "አስከሬኑ ቤት ተኝቶ፣ እናንተ ትጨፍራላችሁ!"

ብረቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ሐዘንተኛ ነበር የመታሁት።

አከራያችን፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ፣ እየሮጡ መጥተው መሃላችን ቆሙ። "ዲሳ! ተዉ! በአንድ ቀን ሁለት አስከሬን ልታወጡ ነው?"

"ኦቦ፣ አላወቅንም" አልኩ።

"ጎረቤት ሆኖ አላወቅንም አይባልም።"

ሁለቱን ቁስለኞች በአንድ ባጃጅ ክሊኒክ ወሰድናቸው። በማግስቱ ቀብር ሄድን፤ ጓደኛዬ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ የሟች ወንድም ግንባሩ ተሰፍቶ። ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ሽማግሌው ባሉበት የሟችን ወንድም ጉልበቱን ይዤ ይቅርታ ስጠይቀው "እኔም መትቻለሁ" አለ፤ አላየኝም።

የምንቀዳበት ላፕቶፕ ግን በባትሪ ሁሉንም ቀድቶት ነበር። ከሳምንት በኋላ ሰማነው፤ ከአጥሩ ማዶ የነበረው ዋይታም ውስጡ ነበር።

"ካደረግነው ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው" አለ ጓደኛዬ። "አልበሙ ላይ ይገባል።"

"የሰው እናት እያለቀሰችበት? አብደሃል?"

"የእኔስ ጣት አልተሰበረበትም?"

ኮሌታውን አነቅሁት። በጀሶ በታሰረው እጁ አፌን ሲመታኝ አንድ ጥርሴ ተነቀለ። እሱም በሕመሙ ጮኸ። መሬት ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ደም እየተፋሁ፣ የሐዘኑን ባለቤት እንጠይቅ ተባባልን።

የሟች ወንድም በራፉ ላይ ቆሞ በሄድፎን እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ አውልቆ መለሰልን።

"የእናቴ ድምፅ ነው። አጥፉት።"

ጓደኛዬ በግራ እጁ እዚያው ፊቱ አጠፋው።

አልበሙ በቀሩት ስድስት ሥራዎች ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ጓደኛዬ ሱሉልታ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሁለት ጣቶቹ ዛሬም አይታጠፉም። የሟችን ወንድም አልፎ አልፎ ታክሲ ተራ አገኘዋለሁ። ሰላም እንባባላለን። እናቱን እጠይቀዋለሁ፤ ደህና ናት ይለኛል።