የቁልቋሉ ቦታ

አጎቴ ጋሼ ተሰማ፣ ማንበብ ለማንችለው ለእኔና ለእናቴ ወረቀት አሳስቶ አንብቦ ቦታችንን ወሰደብን። ሌላ ስም የለውም፤ ሞቷል ተብሎም አላለዝበውም። ባለፈው ሳምንት ጭሮ ላይ የመንገድ ሠራተኞች ሬንጅ ሲያቀልጡ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ አላፊ አግዳሚው "ልማት ነው" ሲል እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ያደግኩት ከአሰበ ተፈሪ፣ ከዛሬዋ ጭሮ፣ ወደ ቦርደዴ ሲወርዱ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአሮጌው መንገድ ዳር ነው። የእናቴ ምግብ ቤት በሩ ከመንገዱ ሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር፤ የድሬዳዋው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም አቧራው ቀድሞ ይገባል፣ ቀጥሎ የፍየል ወጡ የሸተተው ሾፌር፣ ከዚያ ልጅ ያዘለች፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ነጠላውን የሚያራግፍ የአሰቦት ተሳላሚ፣ ሁሉም ከአንድ በርሜል እየታጠበ ይገባል፤ እናቴም አንዱን "ና አባቴ"፣ ሌላውን "አንተ ደግሞ ባለፈው ጨው በዛ ያልከው" እያለች ታስቀምጣለች። ጎረቤታችን ጫት ነጋዴው ሐጂ ዑመር፣ "እህቴ፣ ይህን በር ስጪኝና የላይኛውን የጫት ማሳዬን ውሰጂ፤ ወላሂ አስቢበት" እያለ ዓመት ሙሉ ለምኗታል። እሷ ትስቅበታለች።

ከከተማው በታች ደግሞ ቁልቋል የወረሰው ድንጋያማ ቦታ ነበረን። ፍየል እንኳ ተቧጭራ ነው የምትወጣው፤ እኔም ፍሬውን ሰርቄ በልቼ ከንፈሬ እሾህ በእሾህ ሆኖ ስመለስ እናቴ በወረንጦ እየነቀለች በሌላ እጇ ትኮረኩመኝ ነበር። መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ በኋላም የማን አጥር የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ጋሼ ተሰማ "የወንድሜን ውርስ እንካፈል" ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። የቀበሌ ጸሐፊ ስለነበር ወረቀቱን የጻፈው እሱ፣ ያነበበውም እሱ። "የመንገድ ዳሩ ቤት ለልጁና ለእናቱ፣ ከታች ያለው የቁልቋል ቦታ ለእኔ" ሲል ሽማግሌዎቹ በደግነቱ ተገርመው መረቁት። እኔም ጉልበቱን ስሜ አውራ ጣቴን ከእናቴ ጣት አጠገብ አሳረፍኩ። ከፊርማው ይልቅ ያ ጉልበት መሳሜ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

እኛ ዘንድ ቦታ የሚወደደው ከመንገድ በመቅረቡ ነው፤ መንገዱ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቀያሾች ቁልቋሉ ውስጥ ድንጋይ በኖራ ሲቀቡ የውሃ ቧንቧ ሊመጣልን ነው ብለን ደስ አለን። በሁለት ዓመቱ ግሬደር መጣ፣ ሬንጅ ፈሰሰ፣ አዲሱ መንገድ ከተማዋን በታች ዞሯት አለፈ፤ አውቶቡሱም ከጋሼ ተሰማ አዲስ ቤት ፊት መቆም ጀመረ። እናቴ ለሳምንታት ወጧን በሰዓቱ ጣደች፤ የጡሩምባው ድምፅ ከታች ይሰማል፣ ሰው አይመጣም። በጫት ማሳ ሊለውጠን የለመነው ሐጂ ዑመር፣ "ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ያፈረሳችሁት ቀን ቆርቆሮውን እኔ እወስዳለሁ" አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ የቤቱ ዋጋ ቆርቆሮው ብቻ ሆኖ ነው።

ከዚያ መሠረተ ትምህርት መጣ። አስተማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ተሰማ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ከአሮጊቶች መሀል ተቀምጬ ሀ ሁ ስል፣ አንዲት ፊደል ከሳትኩ ከአፌ ነጥቆ ያርመኛል፤ የሰው ስሕተት ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም ነበር። ፊደል እንደለየሁ ከእናቴ ሣጥን ያንን ወረቀት አወጣሁ። "አዲሱ መንገድ የሚያልፍበት የቁልቋል ቦታ" ይላል። የመንገዱ ወሬ ለቀበሌ ጸሐፊ ቀድሞ ደርሶታል፤ ለራሱ እንዲጸናለት ጻፈው፤ ለእኛ ሲያነብ ዘለለው።

በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰስኩት። "ይሄ ልጅ ትናንት ፊደል ቆጥሮ ዛሬ ያልተጻፈ ያነባል" አለ፤ ሰውም ሳቀ። ዳኞቹም እንደ እኔ ገና ሀ ሁ የጀመሩ ስለነበሩ "እስቲ አንተው አንብበው" አሉኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ቆምኩ። "አ-ዲ-ሱ መን-ገድ የሚ... የሚያ..." ብዬ ተንተባተብኩ። ጋሼ ተሰማ መታገሥ አቃተው።

"የሚያልፍበት" አለ። "አዲሱ መንገድ የሚያልፍበት። ስንት ጊዜ ላስተምርህ?"

ምን እንዳለ የገባው ካለው በኋላ ነው።

ያም ሆኖ "ጣታችሁ ጣት ነው" ብለው የቁልቋሉን ቦታ ግማሽ ለእሱ ተዉለት። ዛሬ ጎማ የምጠግንበት የቀረው ግማሽ ነው፤ ሰው "ታድለሃል" ይለኛል። ይበል። ያንን አቧራ ቀድሞት የሚገባውን ሕዝብ፣ እናቴ በየዓመሉ እየጠራች የምታስቀምጠውን፣ የመለሰልኝ ሸንጎ የለም።

የፍርዱን ወረቀት ለእናቴ ራሴ አነበብኩላት። "በአሮጌው መንገድ ዳር ያለው ቤት ዋጋ የሌለው ስለሆነ በክፍፍሉ አልታሰበም" የሚል ነበረበት።

"ዋጋ የለውም ያሉት እነማን ናቸው?" አለችኝ።

የሦስቱን ዳኞች ስም አነበብኩላት።

"ሦስቱም በልተውበታል" አለች።

ከስማቸው በታች ቀኑ አለ፤ የካቲት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.።