የመሰርሰሪያው ጥርስ

ልጄ አራት ኪሎ ካለ መሥሪያ ቤት አፈር መርማሪ ሆና ስትቀጠር፣ አፈር ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚመረመረው ብዬ ስቄያለሁ። ቅዳሜ ከገጠር ስትመለስ ከመሬት ጥልቅ አፈር የምታወጣበትን መሰርሰሪያ በሸራ ጠቅልላ እሪ በከንቱ ወዳለው ቤታችን ታመጣዋለች፤ ሰኞ ማለዳ ይዛው ትወጣለች። ዘንጎቹ ለየብቻ ናቸው፤ የሚገጥሙት ጫፋቸው ላይ ባለው፣ እንደ ብሎን በሚዞር ጥርስ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ ጥርስ ከተበላ ዕቃው ዋጋ የለውም" ትለኛለች።

ጽዳቱን እኔው ያዝኩት። ጭቃውን ጋዝ በነካ ጨርቅ ከየጥርሱ ፈልቅቄ፣ ግሪስ ቀብቼ፣ ጫፍ ጫፉን በነጠላዬ ቅዳጅ አስሬ አልጋ ስር አስተኛዋለሁ። እንደ ሕፃን።

እሁድ ጠዋት የጦር መሣሪያ ፍለጋ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። በዚያ ዘመን የተወሰደ ልጅ ሲመለስ አላየንም። ጠመንጃ ከያዙት ሁለት የቀበሌ ልጆች አንዱ አልጋ ስር እጁን ሰዶ ጥቅሉን ሳበው። ሲፈታው፣ ግሪስ የጠጣ ረጅም ብረት! ለእኔም ጠመንጃ መሰለኝ።

"እትዬ፣ እንዲህ የተቀባችው ሙሽራ የማን ናት?"

"የ… የመሥሪያ ቤት ነው፤ የአፈር።"

"አፈር የሚያስገባ ነው በሉት እንጂ!" ብሎ የልጄን ክንድ ጨበጠ።

"ጓድ፣ ገጥሜ ላሳያችሁ" አለች።

ግቢው መሀል ቆመች። እመቤቴን በሆዴ ጠራሁ፤ አንድ ጥርስ ተጣሞ ቢሆንስ? ዘንጉ ግን በሁለት ጣቷ እየዞረ ሌላው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። መሬቱን ሰርስራ ስትስበው የእኛው አመድና ከሰል ወጣ። ዘንግ ቀጠለች፤ ጥቁር አፈር። ደግማ ቀጠለች፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ሥጋ የሚያበራ፣ እግር ረግጦት የማያውቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ያጠብኩበት ግቢ ይሄን በሆዱ ይዞ ኖሯል!

ባለጠመንጃው ጎንበስ ብሎ ቆንጠር አደረገና አሸተተው። "የእኛን አገር አፈር ይመስላል" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "በሉ እትዬ፣ ሙሽራዎን መልሰው ይቀቡ" ብሎኝ ጓደኛውን አስከትሎ ወጣ።

ወዲያው ጨርቅና ጋዝ ፍለጋ ገባሁ።

"እማዬ፣ አረፍ በይ እንጂ!"

"ጭቃው ጥርሱ ላይ ይደርቃል" አልኳት።

ከየጥርሱ የፈለቀቅኩትን ቀይ አፈር መድፋት ግን አልሆነልኝም። በመዳፌ ይዤ ወደ ወጣበት ጉድጓድ መለስኩት።