አሥራ አምስት አርብ

አያ ዘመዱ እናቱ መሞቷን እያወቀ፣ በየአርቡ እየደወለ «ዛሬ ምን በላች?» ብሎ ለምን ይጠይቅ ነበር? ታናሽ ወንድሙ መንግስቴ ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ይዞት ይመለሳል።  የመጀመሪያዎቹ አራት አርቦች ገብተውታል፤ ዘመዱ ራሱ አስረድቶታል። የቀሩት አሥራ አንዱ ናቸው እንቅልፍ የሚነሱት።

ዘመዱ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲያመጧቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አባታቸው ጉዞውን ሲጠብቅ እዚያው ሞቶ ተቀብሮ ስለ ነበር፣ የሁለት ዓመቱን መንግስቴን አዝሎ የአውሮፕላኑን ደረጃ የወጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያም ከጀርባው አላወረደውም ማለት ይቻላል። ጫማ የገዛለት፣ ከአስተማሪዎቹ ጋር የተጣላለት፣ በኋላም የዳረው እሱ ነው። የራሱ ትዳር ግን ልጅ ሳያፈራ ፈረሰና ናታንያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እናቱ አገኘሽ ዘንድ ተመለሰ። እሷ ልቧን ያማታል፤ እሱ መድኃኒቷን በሰዓቱ ይሰጣል፤ ሁለቱም አይናገሩም፤ እንዲሁ ይኖሩ ነበር።

ሥራው በዕብራይስጥ ማሽጊያህ የሚሉት ነው። ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ኩሽና ሃያ ዓመት ሙሉ ምግቡ በአይሁድ ሕግ መሠረት ኮሸር ሆኖ መሠራቱን ሲጠብቅ ኖሯል። ምድጃውን በገዛ እጁ ይለኩሳል፣ ሩዙን ከትል ያበጥራል፣ ሥጋና ወተት እንዳይገናኙ ዘብ ይቆማል። ኩሽናው ሲዘጋ በዚያ ዕድሜው የሚቀጥረው ጠፋ። በመጨረሻ የተገኘው በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ደሴት ላይ ያለ የዓሣ ፋብሪካ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ዓሣውን የሚመረምርና ሣጥኑን የሚያሽግ ሰው ይፈልጋሉ። ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው ለእሱ የደረሰው።

በመሄጃው ዋዜማ መንግስቴ ሻንጣ እያሰረለት ቀለደበት።

«ዓሣ ልትጠብቅ ነው አሉ። ምነው፣ ዓሣም ይጠፋል?»

«አንተን ጠብቄ የለ፤ ዓሣ ምን ያቅተኛል» አለ ዘመዱ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ስማኝ። እማዬን አንድ ነገር ካገኛት በዚያው ቀን ንገረኝ። ቀብሯ ላይ እንደማልደርስ አውቃለሁ፤ እዚህ አገር ሬሳ አያድርም። ሰባቱን የሐዘን ቀን ግን እቀመጥላታለሁ። ለአባቴ አልተቀመጥሁም፤ እያለቀስሁ አንተን አዝዬ ወደ አውሮፕላን ነበር የምሮጠው። ለእሷ እቀመጣለሁ። ማልልኝ።»

«ይሄ ምን ያስምላል?»

«ማልልኝ።»

መንግስቴ በእናቱ ስም ማለለት።

ደሴቱ ከመጨረሻው አውሮፕላን ማረፊያ በጀልባ አራት ሰዓት ነው። ለዘመዱ ከፋብሪካው ጀርባ፣ አንድ አልጋና አንድ መስኮት ያለው ክፍል ሰጡት። ከናታንያ የወሰደው ካፖርት በሦስተኛው ቀን እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቆመ። ጢሙ ላይ ትንፋሹ በረዶ እየሆነ ሲነቅለው ከፀጉሩ ጋር ይመጣል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ደነዘዙ፤ የዓሣውን ቅርፊት ሲዳብስ በሌሎቹ ጣቶች መጠቀም ጀመረ። ከሠራተኞቹ ጋር የሚያግባባው ቋንቋ የለም። እራት ላይ የሚያየው እንጂ የሚያናግረው አልነበረም። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ጭራሽ መውጣት ተወች። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ፎቶ አንሥቶ ላከ።

«ይኸ ሌሊት ነው» አለች አገኘሽ፣ ስልኩን ዓይኗ ላይ አስጠግታ።

«ቀን ነው እማዬ።»

«ምን ብትበድላቸው ነው ፀሐይ የከለከሉህ?»

አርብ ሰንበት መቼ እንደምትገባ የላኩት ረቢ የሰዓት ዝርዝር ሰጥተውታል። ልቡ ግን አላመነውም፤ ጨለማ ላይ ቆሞ ጨለማን መቀበል ከበደው። ስለዚህ አርብ አርብ ቀን ላይ ለእናቱ ይደውላል። እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋን ትጠብቃለች። ፀሐይዋ ከማዶው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከተደረደሩት የውሃ ማሞቂያ በርሜሎች ስትደርስ «ገባች፤ በል ዝጋው» ትለዋለች። ስልኩን የምትዘጋው ግን እሷ ናት። ሰንበትን የምትቀበለው የእስራኤል የቀን መቁጠሪያ ከሚለው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማ ነው። በጎንደር ሰንበትን ደጅ ወጥተው በጊዜ ይቀበሏት ነበር፤ አገኘሽም እዚህ ሠላሳ አራት ዓመት ኖራ ያንን አልለወጠችም።

ከሄደ ሰባት ሳምንት አለፈ። በስምንተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአገኘሽ ልብ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ተቀበረች።

መንግስቴ ከመቃብሩ በር ላይ ስልኩን አወጣ። የእናቱ ወንድም ይርሳው ከእጁ ነጠቁት።

«ለማን ነው?»

«ለአያ ዘመዱ። ምያለሁ።»

«አብደሃል? በጨለማ አገር፣ ብቻውን፣ ባሕር አፋፍ ላይ ላለ ሰው መርዶ በስልክ ይነገራል? ማን ይይዘዋል? ማን ውኃ ይረጭበታል? እኛ ሱዳን በረሃ ላይ የስንቱን ሰው መርዶ በሆዳችን ይዘን ነው እዚህ የገባነው! ሲመጣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ በማለዳ፣ በወጉ እንነግረዋለን። ሰባቱን ቀንም እንደ ገና እንቀመጥለታለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ስልኩ ከእጁ ሲወጣ መንግስቴ እፎይ ብሏል።

ሦስት ቀን ቆይቶ አርብ መጣ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ከስድሳ ሰው አያንስም። የአገኘሽ ስልክ ጮኸ። ይርሳው እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ! ልጁ ነው!»

ስድሳ ሰው ልቅሶውን ዋጠ። የዘመዱና የመንግስቴ እህት ባንች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

«እማዬ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ዘመዱ። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። ተኝታለች።»

ከዚያ ማዶ የነፋስ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ቤቱ ምነው ጭር አለ?»

«ማንም የለ።»

«ሰንበትስ?»

መንግስቴ ዓይኑን ማቀዝቀዣው ላይ ወደ ተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ወረወረ። «አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል።»

«አሥር ሰዓት ከሩብ» ብሎ ደገመው ዘመዱ። «እሺ። ደህና ዋሉ።»

ስልኩ ሲዘጋ ባንች ነጠላውን ከአፏ መዝዛ እስክትወድቅ ጮኸች።

በሁለተኛው አርብ እናታቸው ሐኪም ቤት ነበረች። በሦስተኛው ገላዋን እየታጠበች ነበር። የመንግስቴ ልጅ ናአማ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አባቷን ትክ ብላ አየችው።

«አባ፣ ዜ ሎ ቤሴዴር፣ ልክ አይደለም። አጎቴ፣ ዶድ ዘመዱ፣ ሕፃን ነው እንዴ?»

«ትልልቆቹ የወሰኑት ነው።»

«አንተስ? አንተ ትንሽ ነህ?»

 በአራተኛው አርብ የዘመዱ ድምፅ ከወትሮው ቀረብ ብሎ ተሰማ፤ ስልኩን ከአፉ ጋር ያጣበቀው ይመስል ነበር።

«መንግስቴ።»

«አቤት።»

«የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«የምን ነገር?»

«ምንም ይሁን። ግን ዛሬ ንገረኝ። ለሚመጣው አርብ አታሳድረው።»

መንግስቴ ቀና ብሎ ይርሳውን አያቸው። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። አንድ ቃል ነበር የቀረው፤ አፉ ውስጥ ደርሶ ነበር።

«የለም። ሁላችንም ደህና ነን።»

 ዘመዱ ያንን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ።

«ዛሬ ምን በላች?»

«ምስር» አለ መንግስቴ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሌላ ሆነ። ዘመዱ ከእናቱ ጋር አገናኙኝ ማለቱን ተወ። የሚጠይቀው የበላችውንና የተናገረችውን ብቻ ነው። መንግስቴም ውሸት ለመደ። አገኘሽ ከጎረቤት ጋር ስለ ደረጃ ጠረጋ ተጣላች። አገኘሽ የናአማን አጭር ቀሚስ አይታ «እጅጌው የት ሄደ?» አለች። ዘመዱ ሱፍ ጫማ ልግዛላት ብሎ የእግሯን ቁጥር ጠየቀ። ጫማዎቿ ሁሉ ተመጽውተው ስላለቁ መንግስቴ ባዶ ቁም ሣጥን ፊት ቆሞ «ሠላሳ ስምንት» አለው። የሚያሳፍረው ደግሞ አርብን መናፈቅ መጀመሩ ነው። አርብ አርብ እናቱ ትነሣለች፤ በሕይወቷ ያልተናገረችውን ለስላሳ ቃል ትናገራለች።

«ትናንት ምን አለች መሰለህ? ዘመዱ ለእኔ ሲል ነው እንጂ ለበረዶ የተፈጠረ ልጅ አይደለም አለች።»

«እንዲህ አለች?»

«እንዲህ አለች።»

«በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ።»

«ጥሩ» አለ ዘመዱ። «የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የምትለውን ንገረኝ።»

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ፊቱ ላይ ነፋስ የላጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። መኪና ውስጥ ስለ እናቱ አልጠየቀም። የኢር ያሚም ሰፈር ፎቆች መብራት ሲያልፋቸው መንግስቴ መሪውን እንደያዘ ተናገረ።

«እማዬ ተኝታለች። እስኪነጋ አንቀስቅሳት።»

«አንቀስቅሳት» አለ ዘመዱም።

ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ ከተዘጋው የእናቱ መኝታ ቤት በር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ካፖርቱን አላወለቀም። መንግስቴ «ጋደም በል» ቢለው አልሰማውም፤ በሩን እያየ አነጋ። መንግስቴም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮ የባዶ ክፍል በር ሲጠብቅ አደረ።

ገና ጎህ ሲቀድ ይርሳው ጋቢ ከለበሱ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ባንችና ሴቶቹ ከኋላ ተከተሉ። ከታች ግቢው ውስጥ የድንኳን ብረት ሲገጣጠም ይሰማል። ይርሳው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ዘመዱ፣ ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም፤ የእግዜር ነገር...»

«አባ ይርሳው፣ ይቀመጡ» አለ ዘመዱ። «እኔ ልንገራችሁ። እናቴ ሞታለች።»

የባንች ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

«ማነው የነገረህ?»

«መንግስቴ።»

ሁሉም ዞሮ አየው።

«እኔ? ወላሂ...» አለ መንግስቴ፤ ሲጨንቀው ከሥራ ቦታ የለመደው መሐላ ነው።

«በመጀመሪያው አርብ። ሰንበት አሥር ሰዓት ከሩብ ትገባለች አልኸኝ። እናቴ በዕድሜዋ ሰንበትን የቀን መቁጠሪያው ሰዓት እስኪደርስ ደጅ አቁማት አታውቅም።»

 ዘመዱ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ድምጿን ለመጨረሻ ጊዜ ከሰማሁበት አርብ ጀምሬ ቀን ቆጠርሁ። ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ ጠየቅሁህ። ያን ዕለት ብትነግረኝ ሰባት ቀን ይገባኝ ነበር። ሠላሳው ካለፈ በኋላ ለሰማ ሰው ሕጉ የሚሰጠው አንድ ሰዓት ነው።»

«ካወቅህ ለምን ራስህ አልተቀመጥህም?»

«ግምት መርዶ ነው? ሞተች ላላሉኝ እናት ሐዘን ልቀመጥ?»

«የምን አንድ ሰዓት!» አሉ ይርሳው። «ድንኳን ተተክሏል፣ ከቂርያት ጋት ድረስ ሰው እየመጣ ነው። ሰባት ቀን እንቀመጣለን!»

«እናንተ ቀድማችሁ ተቀምጣችኋል፣ አባ ይርሳው። በእኔ ፈንታም ተቀምጣችሁልኛል።»

ካፖርቱን አወለቀ። የሸሚዙን አንገት ይዞ እስከ ልቡ ቀደደው። ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለና ሰዓቱን አየ። ያን ጊዜ ሴቶቹ ጮኹ። ባንች ደረቷን እየመታች የእናቷን ስም ጠራች፤ ለቅሶው ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ግቢው ወረደ። ዘመዱ ግን አላለቀሰም። የደነዘዙትን ሁለት ጣቶች በሌላው እጁ ጨብጦ ወለሉን ያያል። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ባንች ሙሾ መሐል ላይ እያለች፣ ተነሣና ጫማውን አጠለቀ።

እህቱ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። «ትንሽ! ወንድሜ፣ ትንሽ ቆይ! ሰው ምን ይለናል?»

«ባንቺዬ፣ አበቃ። ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

የመጣው ሰው ያልቀመሰው ምግብ በትሪ በትሪ እየተመለሰ ወረደ። ድንኳኑ ተነቀለ። ይርሳው ደረጃውን ሲወርዱ ሁለት ሰው ደገፋቸው፤ ያን ዕለት ሽማግሌነታቸው እንደ ጋቢያቸው ከላያቸው የወረደ መሰለ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻቸውን ቀሩ። መንግስቴ አላስቻለውም።

«እስከ ሠላሳው እሺ፤ እንድነግርህ ነበር። ከዚያ በኋላስ? አሥራ አንድ አርብ ሙሉ ለምን አስቀባጠርኸኝ?»

ዘመዱ ዓሣ ሲመረምር እንደሚያየው አድርጎ አየው፤ ሳይቸኩል፣ ከላይ እስከ ታች።

«አነጋገርህ እያማረ ሄዶ ነበር» አለው።

 የእናቱን መኝታ ቤት ከፍቶ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። መንግስቴ ወለሉ ላይ፣ ጆሮውን ከበሩ አስጠግቶ ቁጭ አለ። መስኮት ሲከፈት ሰማ። የቁም ሣጥን መሳቢያ ሲሳብና ሲገፋ ሰማ። ከዚያ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚመላለስ እግር፣ ለሰዓታት። «አያ ዘመዱ» እያለ ሁለት ጊዜ ጠራው፤ እግሩ ቆም እያለ እንደ ገና ይሄዳል። በመጨረሻ አልጋው ተንቋቋ። ትንፋሹ ረዘመ፣ ከበደ። ዘመዱ የተኛው ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው።