አየሩን ሳያስወጡ አይወጉም ነበር

አጎቴ መተማ ላይ ድሬሰር ነበሩ። መርፌውን ወደ ብርሃን አንስተው፣ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው አየሩን ሳያስወጡ ማንንም አይወጉም። የሰሊጥ አጫጆች «አባባ፣ መኪናው ሊያመልጠን ነው» ሲሏቸው፣ «መኪና ሌላ ይመጣል፤ አየር ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል» ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ ልጄን ለኩላሊት ራጅ፣ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ከአጎቴ ጋር ደጋ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድናት። ለራጁ የሚወጋው ቀለም ደም ሥሯ ሊገባ ሲል አጎቴ የሐኪሙን እጅ ያዙ።

«ጓድ ሐኪም፣ መርፌው አየር አለበት።»

«አባባ፣ ውጭ ይጠብቁ።»

«አየሩ ይውጣና እወጣለሁ።»

እመቤቴን እየጠራሁ ቆምኩ። ሐኪሙ መርፌውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። ከዚያ አየሩን አስወጣ። ልጄ ዛሬም አለችልኝ፤ አምላክ ይመስገን።

አጎቴን በቀበርን በሳምንቱ ወባ ጣለኝ። ነርሷ ግሉኮስ ልትሰካልኝ ስትል የጥፍር ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁም። «ልጄ፣ አየሩን አስወጪልኝ» አልኳት።