የዓለም ጦርነት በስንት ዓመተ ምሕረት ተጀመረ?

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ነው፣ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። ዝም ብዬ መስማት እችል ነበር። ግን ይህ ቃል ሲነሳ፣ ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እንኳ፣ ደሜ ይፈላል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል፤ የግንቦት ዝናብ የጅማን መንገድ ዳርና ዳር አጨቅይቶታል። የታሪክ መምህራችን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ እንደተጀመረ ጠየቁኝ። አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት አልኩ። መጽሐፉ ሠላሳ አንድ እንደሚል ጠፍቶኝ አይደለም። ጣሊያን እኛን በመርዝ ጭስ የፈጀው በሃያ ስምንት ነበርና ያ ከዓለም የማይቆጠርበት ምክንያት አልዋጥልኝ አለ። መምህሩ በክፍሉ ፊት «ተሳስቻለሁ» እንድል አዘዙኝ፤ እምቢ አልኩ። ይቅርታ እስክጠይቅ ክፍል እንዳልገባ፣ ፈተናም እንዳልቀመጥ ተነገረኝ።

አባቴ ከመምህር ጋር አፍ መካፈቴን እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀም። እንደ ወጉ ጎረቤታችንን ኦቦ ጉተማን ሽማግሌ ላከ። እሳቸውም በማለዳ መጥተው ድንጋይ በትከሻዬ አሸከሙኝ፤ ያኔ ጥፋተኛ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲያ ነበር። በባዶ ሆድ ይቅርታ አይጠየቅም ብለው በመንገድ ላይ ጭኮ አጎረሱኝ። ቅቤው ከንፈሬ ላይ ቀረ። ንዴቴም አብሮኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ኦቦ ጉተማ ለሰላምታ ጎንበስ ብለው፣ ልጅ ናት ይማሯት አሉ። ከዚያ ለመሆኑ ጥፋቷ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። መምህሩ ነገሯቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ገልጠው ግራ ክንዳቸውን አሳዩ። ከክርን እስከ አንጓ ቆዳው ተሸብሽቦ ያብለጨልጭ ነበር።

«መምህር፣ ይሄ ማይጨው ላይ በሃያ ስምንት በመርዙ የተቃጠለ ነው። ያን ጊዜ እኔ ዓለም ላይ አልነበርኩም?»

ወደ እኔም ዞረው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን አውርጂ» አሉኝ።

አወረድኩ። መምህሩ ክንዱን ሲያዩ ቆዩና ክፍል ግቢ አሉኝ። ግን የፈተናው አራሚ እሳቸው አለመሆናቸውን ነግረው፣ ጥያቄው ከመጣ ሠላሳ አንድ ብዬ እንድጽፍ ለመኑኝ። ለእኔ ፈርተው ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል። ጥያቄው መጣ። ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ያንን ነጥብ አጣሁ፣ ፈተናውን አለፍኩ፤ ብወድቅም ኖሮ የምጽፈው ያንኑ ነበር።

ሰው በየጊዜው ይሞታል፤ ዓለም ነን የሚሉት ደጃፋቸው እስኪነካ ግን ጦርነቱ ስም አያገኝም። ይህን ትርጉም በአሥራ አምስት ዓመቴ አልተቀበልኩም፣ አሁንም አልቀበልም። ለወጣቶቹም ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳቸው። አንደኛው ፈገግ ብሎ፣ «እሺ እማማ፣ ታዲያ ሦስተኛው ተጀምሯል ነው የሚሉን?» አለኝ።

«ቤታቸው እየነደደባቸው ያሉትን ጠይቅ» አልኩትና ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ።