ጉብታ ላይ ዝም የሚለው አባቴ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው... አባዬን ከጎኔ አስቀምጬ ከለሚ ኩራ ወደ ቦሌ እየነዳሁ ነው። ከሰፈራችን መውጫ ላይ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጋ ስንደርስ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች። እኔ «ውይ!» አልኩ። አባዬ ምንም አላለም። ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨምድዶ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ።

ደሜ ፈላ። ምክንያቱም ይህችን መኪና ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጋራዥ ወስጄ ያሠራኋት ለእሱ ብዬ ነው!

ከሥሩ ልንገራችሁ። አባዬ ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ወገቡን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ቦሌ ፊዚዮቴራፒ አለው። ሐኪሙ «ካቋረጡት ወደፊት መራመድ ይቸግርዎታል» ብሎ አስጠንቅቆታል። የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ ይኸው ሁለት ወር ሆነን።

መኪናዬ ስፖርት ቢጤ ኤስዩቪ ናት። መንገጫገጩን የሚያለዝብ የአየር ሰስፔንሽን ምናምን የላትም፤ ፋብሪካው የገጠመላት ስታንዳርዱ ነው። ጠንከር ይላል፣ አልዋሽም። ኮብልስቶን ላይ እያንዳንዱን ድንጋይ ታስቆጥራለች። አስፋልት ላይ ግን... መታጠፊያ ላይ ሳትንጋደድ፣ መንገዱን ነክሳ ነው የምትዞረው። እወዳታለሁ።

ችግሩ የመጣው አባዬ ከቀጠሮ መቅረት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ «ዛሬ ትንሽ ደከመኝ» አለ። በሳምንቱ «ዝናብ ሊመጣ ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ከጨረሰ በኋላ «ይቅር ልጄ፣ እንቅስቃሴውን እዚሁ እሠራዋለሁ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«መኪናዋ እያመመችህ ነው?» ስለው «ኧረ ምን በወጣት!» ይላል። ጉብታ ባለፍን ቁጥር ግን ጥርሱን ሲነክስ አየዋለሁ።

ሰው ደግሞ ምክር አያልቅበትም! የኮንዶሚኒየማችን ፓርኪንግ ውስጥ የሚያልፈው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ጎንበስ ብሎ ያይና «ዝቅ ብላለች፣ ከፍ አስደርጊያት» ይላል። ሌላው «ይቺ ለኛ መንገድ አትሆንም» ይላል። መኪና ነድቶ የማያውቀው ጎረቤቴ ሳይቀር!

ተሸነፍኩ። ገርጂ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ተንበርክኮ አየና «እህቴ፣ የሞላው ጥቅልል መሃል ድፍን የጎማ ቁራጭ እንከትበታለን፣ ከፍ ትላለች። አባትሽ አልጋ ላይ የተኙ ነው የሚመስላቸው» አለኝ።

አልጋ! ሐሙስ ዕለት አልጋውን አየነው። የተከተተው ጎማ ለካ ሞላውን እንዳይጨመቅ አድርጎ ጭራሽ አድርቆታል። ከፍ በማለቷ ደግሞ መገናኛ አካባቢ ስንታጠፍ ወደ ጎን ተንጋደደችና የአባዬ ትከሻ ከበሩ ጋር ተላተመ።

«አቁሚ» አለኝ።

ዳር ይዤ አቆምኩ።

«ይህችን መኪና ማን ነካት?»

«ለአንተ ብዬ ነዋ! እንዳትጎረብጥህ ከፍ አስደረግኳት።»

«እኔ ጎረበጠችኝ አልኩሽ?»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትቀረው? ጉብታ ላይ ጥርስህን የምትነክሰውስ?»

 ከፊታችን ወደቆመው ሚኒባስ ዞረ።

«መኪናዋ ምንም አልነበረባት» አለ። «ጠንካራ ናት እንጂ ደህና መኪና ናት። አንቺ ነሽ ጉብታው ላይ ከወጣሽ በኋላ ፍሬን የምትይዢው። ያኔ አፍንጫዋ ይደፋል፣ የፊቱ ሞላ አስቀድሞ ተጨምቆ ያልቃል። ምቱን የሚቀበለው የኔ ወገብ ነው። ፍሬን ቀድሞ ተይዞ፣ ጉብታው ጋ ሲደረስ ነው የሚለቀቀው።»

ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ ይህንን እያወቀ አጠገቤ ተቀምጧል!

«አባዬ... ለምን አልነገርከኝም?»

«ሾፌር እየነዳ ተሳፋሪ አይናገርም» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ግን አባዬ ሠላሳ ዓመት የነዳው «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ለጥፎ ነው። ያን ሕግ ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለራሱም አምኖበታል ለካ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ ሥራሽን ትተሽ እያመላለስሽኝ፣ በምን አፌ?» አለ።

«እና ከምትነግረኝ መራመድ ቢቀርብህ ይሻልሃል?!» ብዬ ጮህኩበት። አዎ፣ አባቴ ላይ ጮህኩ፣ መገናኛ መሃል። እየጮህኩ ደግሞ እንባዬ መጣ። አንድ ሶፍት አዟሪ በመስኮት አይቶኝ ሶፍት ዘረጋልኝ።

ተነሳን። ቀጣዩ ጉብታ ጋ ስንደርስ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ያዢ... ያዢ... አሁን ልቀቂ!» አለ። ለቀቅኩ። የተከተተው ጎማ ገና ስላለ መዝለሏ አልቀረም፣ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። አባዬም ጥርሱን አልነከሰም።

ቅዳሜ ጋራዡ ተመልሼ የተከተተውን ጎማ አስወጣሁ። መካኒኩ «ምነው፣ አልተመቻቸውም እንዴ?» አለኝ። ብመልስለት ስለምንጣላ ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ዛሬ አባዬ ከእኔ ቀድሞ ለባብሶ በር ላይ ጠበቀኝ። ያችው የድሮዋ ጠንካራ መኪናዬ ጉብታውን ቀስ ብላ ወጥታ ቀስ ብላ ወረደች። የአባዬ አፍ ግን ከቤት እስከ ቦሌ አልተዘጋም። «ራቅ በይ... ፍሬቻ አሳዪ እንጂ... ስልኩን ተዪው... ያ ሚኒባስ ሊገባብሽ ነው...»

ዳሽቦርዴ ላይ «ሾፌሯን አለማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፌለት ነበር... ቦሌ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ልገነጥለው እጄን ዘርግቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት።